ክር የምትበላ ቡችላ፣ ጅብ የሚያልፍበት ሰፈርና የእጅ ሥራ ያለበት ቤት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ተከራይቼ ነው የምኖረው። መተዳደሪያዬ የእጅ ሥራ ነው። ስፌት እሰፋለሁ፣ ጥልፍ እጠልፋለሁ፣ አልፎ አልፎ የቆዳና የዶቃ ሥራም አለ። ሁለት ውሾች አሉኝ። መቻል ትልቅ ነው፣ ጨዋ ነው። ቡቺ ግን ገና የሰባት ወር ቡችላ ናት፤ ከክር ሌላ ጨዋታ አታውቅም። በቀደም ቀይ የጥልፍ ክር ስታኝክ ደረስኩባት። ግማሹን ውጣዋለች። ከሁለት ቀን በኋላ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ሳየው ጎትቼ አወጣሁት። አሁን ደህና ትመስላለች። ውጭ እንዳላሳድራት ጅብ አለ። እናቴ ‹ወይ ሥራሽን ወይ ውሾችሽን› ትለኛለች። አቦ፣ የግድ መምረጥ አለብኝ? ለውሻ የአንገት ማሰሪያና መጫወቻ እየሠራሁ መሸጥም አስቤያለሁ። መቻል ለእብድ ውሻ በሽታ ከሁለት ዓመት በፊት ተከትቧል፣ ቡቺ ገና ናት።»

መልስ፦

እህቴ፣ መምረጥ የለብሽም። የእጅ ሥራና ውሻ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የፍርሃትሽን ቅደም ተከተል ግን እናስተካክል። አንቺ ከሁሉ በላይ የፈራሽው ጅቡን ነው። ለጅቡ በር አለሽ፣ ትዘጊበታለሽ። ክሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከቡቺ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ከክሩ ልጀምር።

ውሻ ድንጋይ ወይም የበቆሎ ቆሮቆንዳ ሲውጥ አንጀት አንድ ቦታ ላይ ይዘጋል። ክር የሚሠራው ሥራ ከዚያ የከፋ ነው። አንደኛው ጫፍ የሆነ ቦታ ይያዛል። ድመት ላይ ብዙ ጊዜ ምላስ ሥር ይጠመጠማል፤ ውሻ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራው ወደ አንጀት የሚከፈትበት በር ላይ ይቀረቀራል። ሌላው ጫፍ ቁልቁል ይወርዳል። አንጀት ያገኘውን ሁሉ ወደፊት መግፋት ነው ሥራው። ይገፋል፤ ክሩ ግን ተይዟል፣ አይሄድም። ያኔ አንጀቱ ራሱ በክሩ ላይ እየተሰበሰበ ይመጣል። አንቺ የቀሚስ ወገብ ለመሸብሸብ ክሩን ስትስቢ ጨርቁ እንደሚሆነው ማለት ነው። የተወጠረው ክር በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ እየፈተገ የአንጀቱን ግድግዳ ይቆርጣል። አንጀት ከተበሳ ቆሻሻው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ውሻዋን ማትረፍ በጣም ከባድ ነው።

አንድ የልብስ ሰፊ ውሻ ቀዶ ሕክምና ሳደርግ ያየሁትን ልንገርሽ። ክሩ ቀጭን ነበር፣ ተራ የመኪና ክር። ከውጭ ሲታይ አንጀቱ አጭርና ወፍራም ሆኗል፣ እጥፍጥፉ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ክሩን በአንድ ቀዳዳ ስቤ ላወጣው አልቻልኩም፤ መሳቡ ራሱ ይቆርጣላ። ከአንድ ቦታ በላይ ከፍቼ፣ እየቆራረጥኩ ነው ያወጣሁት። ውሻው ተርፏል፣ ምክንያቱም ውሻው ማስመለስ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ነበር ባለቤቱ ያመጣው።

አሁን ወደ ቀዩ ክር። ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ስታዪው ጎትተሽ አወጣሽ፤ ላላ ብሎ ስለነበር ወጣልሽ። ሁለተኛ እንዳታደርጊው። ውስጥ የተያዘ ክር ቢሆን ኖሮ ስትስቢው የአንጀቷን ግድግዳ ነበር የምትቆርጪው። በአፍም በኩል ቢሆን ያው ነው። እንዲህ ሲያጋጥምሽ የተንጠለጠለውን ከሰውነቷ ትንሽ ራቅ አድርገሽ በመቀስ ቁረጪው፣ እንዳትረግጠው ወይም ራሷ እንዳትስበው። ከዚያ ወደ ሐኪም።

የዋጠችው ሁሉ መውጣቱን በዓይን አይተሽ ልታረጋግጪ አትችይም። ስለዚህ አንድ ሁለት ሳምንት በደንብ ተከታተያት። ደጋግማ ካስመለሰች፣ ምግብ ከተወች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ከቆመች፣ ሆዷን ስትነኪ ከሸሸች ወይም ካጉረመረመች፣ ሲያምጣት የሚወጣ ነገር ከሌለ፣ «ነገ ይሻላት ይሆናል» ብለሽ አትደሪ። መርፌ ከነክሩ ከዋጠችማ ምልክት አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ውሰጃት። ራጅ መርፌውን ያሳያል፤ ክሩን ብቻውን ግን አያሳይም። ሐኪሙ የአንጀቱን አቀማመጥ አይቶ ነው የሚገምተው። ለዚህ ነው «ክር ስትበላ አይቻለሁ» የሚለው ያንቺ ቃል ከራጁ የማይተናነሰው። ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ የስንት ክንድ ክር እንደጎደለሽ ንገሪው። የቀረውን ክርም ይዘሽ ሂጂ።

ቤት ውስጥ የሚደረገውን ነገር እናውቀዋለን። ዘይት ያጠጧታል፣ ወተት ያጠጧታል፣ ጨው በጥብጠው እንድታስመልስ ያደርጋሉ። ምኑንም እንዳታደርጊ። ስለት ያለው ነገር ሲመለስ ጉሮሮን ይቀድዳል። የጨው ውሃው ደግሞ ብቻውን ውሻ ሊገድል ይችላል።

ቤትሽን በተመለከተ ሐረር መኖርሽ ጠቅሞሻል። የድሮው የሐረሪ ቤት ዕቃውን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅለው። ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይሰቀላል፣ ግድግዳው ውስጥም የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ። የተከራየሽው ክፍል እንዲህ ያለ ባይሆንም ዘዴውን ውሰጂ። ጭራ ያለው ነገር ሁሉ፣ ክርም ሪባንም ሲባጎም የቆዳ ቁራጭም፣ ከመቻል አንገት በላይ ይሰቀል ወይም ክዳኑ ጠበቅ ያለ ጣሳ ውስጥ ይግባ። ሙዳይ ለዚህ አይበቃም። ክዳኑን ቡቺ በአፍንጫዋ ትከፍተዋለች። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን በማስቀመጫው ያለው ክር አይደለም። ስትሠሪ ቆርጠሽ የምትጥያት ቁራጭ ናት። እነዚያን ቁራጮች መሬት ላይ አትጣያቸው። ከጎንሽ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይቀመጥ፣ ክሯ በቆረጥሻት ቅጽበት በአፉ ትግባ። መርፌ ደግሞ ስትጀምሪ ቆጥረሽ አውጪ፣ ስትጨርሺ ቆጥረሽ መልሺ። ወስፌም ያው ነው። ቡና ተፈልቶ ሲጠሩሽ «መጣሁ» ብለሽ ሥራውን ፍራሽ ላይ ጥለሽ እንዳትነሺ። አደጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚያች መሐል ነው።

ስንደዶና አክርማው ራሱ ይህን ያህል አያሰጋኝም። ሣር ነው፤ ጥቂት ብታኝክ ብታስመልሰው ነው። አለላውን ስትነክሪ ግን የቀለሙን ውሃ ትጠጣለች። ቀለም እንዲይዝ ብለሽ መዳብ ያለበት ሰማያዊ ጨው የምትጨምሪ ከሆነ መርዝ ነው። ሳፋውን ክደኚው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ አድርጊበት፤ ሲያበቃ ቡቺ ከማትደርስበት ቦታ ድፊው። ቲነርና ማስቲሽም ቡሽ ተከፍቶ አይቀመጥም። ቲነር ከጠጣች በፍጹም እንድታስመልስ እንዳታደርጊ። ሲመለስ ወደ ሳምባዋ ይገባና የሳምባ ምች ያመጣባታል። ፀጉሯ ላይ የዘይት ቀለም ከተለጠፈ በቲነር አትጥረጊ፤ በምግብ ዘይት አሺው፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቢው፣ እንቢ ካለ ፀጉሩን ቁረጪው። ነጩ የእንጨት ኮላ ብዙም አያሰጋም። ሲደርቅ እንደ አረፋ የሚነፋውን ኮላ ግን አደራ። ጥቂት ከተዋጠች ጨጓራ ውስጥ ተነፍታ ትጠነክራለች፤ የምትወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። ከእጅ ሥራው ውጭ ደግሞ የቡና አተላና ገረባ (የጫት ትራፊ) መሬት ላይ አይደር። ሁለቱም ልብ የሚያስመታ አነቃቂ አላቸው፣ ለትንሽ ውሻ ደግሞ ጥቂቱም ብዙ ነው።

አንድ ልማድ አለ፣ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ያደርገዋል። የክሩን ጫፍ በምራቅ አርጥበሽ ነው መርፌ ውስጥ የምታስገቢው፣ አይደል? አክርማውንም አንዳንዴ በጥርስሽ ትይዣለሽ። በዚያው እጅ ቡቺን ስትዳብሺ ቆይተሽ ከሆነ አደጋ አለው። ከልኳንዳ ቤት የተጣለ የበግ፣ የፍየል ወይም የከብት ጉበትና ሳምባ የሚበላ ውሻ፣ ሥጋው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ፣ አንጀቱ ውስጥ በጣም ትንሽ የኮሶ ትል ያድርበታል። ውሻው ራሱ ምንም አይታመም። የትሉ እንቁላል ግን ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ ወደ እጅሽ፣ ከእጅሽ ወደ አፍሽ ይሄዳል። ሰው ላይ ያ ከረጢት ጉበት ወይም ሳምባ ውስጥ ዓመታት ፈጅቶ ነው የሚያድገው። መከላከያው ቀላል ነው። ለሁለቱም ውሾች ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት ይሰጣቸው። ጥሬ የሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ካላቸው በየ6 ሳምንቱ ይደገም፣ ምክንያቱም አዲስ የገባ ትል እንቁላል መጣል የሚጀምረው በዚያ ገደማ ነው። የሆድ ዕቃ ከሰጠሻቸው ቀቅለሽ ስጪ። ለክሩ ደግሞ በሰሃን እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጪ። እጅሽን ታጥበሽ ሥራ ጀምሪ።

እዚህ ላይ የገዢሽም ነገር አለ። ስፌትሽን የሚገዛሽ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ሐረር የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ሥርዓት) ነው፤ በዚያ ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። አለላ ስፌት ሰባት ጊዜ ቢታጠብ ምን ይተርፈዋል? ስለዚህ ለሽያጭ የሚሆን ሥራሽን ውሾቹ ከሚደርሱበት ቦታ ፈጽሞ ለይው። የላሱት ነገር ካለ ለራስሽ አስቀሪው እንጂ ዝም ብለሽ አትሽጪው። ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ሰው አምኖሽ ነው የሚገዛሽ። የጋራ ግቢ ከሆነ ደግሞ የውሾቹን ሳህን የጋራ ቧንቧ ላይ አትጠቢ፣ በጎረቤት መስገጃም አይለፉ። እንዲህ ከተጠነቀቅሽ ጎረቤቶችሽ ውሾችሽን ይታገሱልሻል፤ አንድ ቀን ቡቺ ስትጠፋ የሚያፈላልጉልሽም እነሱ ናቸው።

ቡቺ ክር የምትበላው ክፉ ሆና አይደለም። የሰባት ወር ቡችላ ናት፣ ጥርሷን የቀየረችው ገና አሁን ነው፣ አፏ ሥራ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ሰዓታት ሙሉ ክር ታንቀሳቅሻለሽ። ለእሷ ይህ ግብዣ ነው። መፍትሔው ከሥራ በፊት እሷን ማድከም ነው። ጠዋት ሲነጋ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሁለቱንም በገመድ ይዘሽ ተራመጂ። ስትመለሱ ቁርሷን በሳህን አትስጫት። የደረቀ እንጀራ ቁራሽ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ክተቺ፤ ክዳኑንና የአንገቱን ቀለበት አውልቂ። እያንከባለለች ታውጣው። ጠርሙሱ ሲቀደድ ጣይው፣ እንዳትውጠው። ሙሉ ካሮትም ጥሩ ማኘኪያ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ግን ለውሻ አይሆንም፤ ደማቸውን ይጎዳል። ከዚያ ትተኛለች። የጥልፍ ሥራሽን፣ ማለትም ቀጭን ክርና መርፌ ያለበትን፣ በዚያ ሰዓት ሥሪ። ዶቃና ቆዳውን ከሰዓት በኋላ አድርጊው። ክር ይዛ ካገኘሻት አትጩሂ፣ አታባርሪያት። ስትባረር ቶሎ የመዋጥ ልማድ ታመጣለች። ጣፋጭ ነገር አሳይተሽ ለውጫት።

ድሬዳዋ ለባዛር ስትወርጂ ይዘሻቸው እንደምትሄጂ እገምታለሁ። ሐረር ደጋማ ናት፣ ድሬ ግን ሌላ ናት። ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 40 ሊደርስ ይችላል። መኪና ውስጥ ትተሻቸው አትውረጂ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ውሃ ይዘሽ ተቀመጪ፣ ወይም ለምታምኚው ሰው ሐረር ተዪያቸው። እኔን ብትጠይቂኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን ጅቡ። ሐረር ውስጥ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ የሚቀበለው ጅብ ውሻ ካገኘ አይምርም። ሰውን ለመደ ማለት ውሻን ተወ ማለት አይደለም። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ሌሊት በየመንገዱ የተጣለውን አጥንት እየለቀመ ይዞራል። ስለዚህ ውሾችሽ ከመሸ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ቤት ውስጥ ናቸው። ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚያድር ውሻ ጅብ ሲመጣ መሸሻ እንኳ የለውም። አጥንትና የምግብ ትራፊ በር ላይ አትጣይ። ማታ ለሽንት ማውጣት ካለብሽ መብራት ይዘሽ፣ በገመድ፣ ከግቢው ሳትወጪ ይሁን። መቻል ጅብ ሰምቶ ሲጮህ ደግሞ በር ከፍተሽ «በርታ» እንዳትይው።

ከንክሻው በላይ የሚያስፈራኝ በንክሻው የሚመጣው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል፤ ጅብም ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሰውም በውሻም ላይ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 ከመቶው ከውሻ ነው የሚመጣው። መቻል ጊዜው አልፎበታል፣ ቡቺም ከሦስት ወሯ ጀምሮ መከተብ ነበረባት። ሁለቱንም በዚህ ሳምንት አስከትቢ፣ በዓመቱ ይደገም፣ የክትባት ካርዱን አትጣይ።

ላንቺ ይህ ክትባት ከሌላው ሰው የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በሽታው የያዘው ውሻ ጉሮሮው ይሰንፋል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱ አጥንት ተቀርቅሮበታል ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ክር የምትበላ ውሻ ያለሽ አንቺ ደግሞ መጀመሪያ የምታስቢው «ክር ያዛት» ነው። እጅሽን ትከቻለሽ። ቡቺ ካልተከተበች ያ እጅ ሕይወትሽን ሊያስከፍል ይችላል። ለሃጭ በዝቶባት ጠባይዋ ከተለወጠ አፏን አትክፈቺ፣ ክፍል ውስጥ ዘግተሽ ሐኪም ጥሪ።

ማንኛውም ውሻ ወይም ጅብ ከነከሰሽ ወይም ቁስልሽን ከላሰሽ፣ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂጂና የበሽታውን መከላከያ ክትባት ጠይቂ። ቁስሏ ትንሽ ናት ብለሽ አትተዪ። የነከሰሽ የሚታወቅ ጤነኛ ውሻ ከሆነ እንዳይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ውሾችሽን ጅብ ከነከሳቸው፣ ቢከተቡም እንኳ፣ በጓንት ያዢያቸውና በዚያው ቀን ክትባቱ እንዲደገምላቸው አድርጊ።

የንግድ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። የአንገት ማሰሪያው ያዋጣሻል። የሐረር ቆዳ ሥራ ስም አለው፣ ገበያ ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛው ቶሎ የሚበጠስ ናይለን ነው። በዕፅ የተለፋ ቆዳ ምረጪ፣ በኬሚካል ከተለፋው ለሚያኝክ ውሻ ይሻላል። ለትልቅ ውሻ ስፋቱ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ቀጭን ማሰሪያ አንገት ይቆርጣል። በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን ስፊው፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ቀለም ከነከርሽው እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽበት፣ ከለቀቀ ፀጉሩንም ያበላሻል። ጨሌና ዶቃ ማድረግ እንደሚያምርሽ አውቃለሁ፣ ያምራልም። ግን ዶቃው ቆዳው ላይ አንድ በአንድ የታሰረ፣ ለፎቶ መነሻ ብቻ የሚደረግ ይሁን፣ ለገዢውም ንገሪው። ማሰሪያው ሲታሰር ሁለት ጣት በምቾት ማስገባት አለበት። ለቡችላ የሚገዛ ሰው በየሁለት ሳምንቱ እንዲያየው ወረቀት ላይ ጽፈሽ አብረሽ ስጪው፤ አንገት ያድጋል፣ ማሰሪያ አያድግም።

የክርና የገመድ መጫወቻውን ግን ተዪው። ስለ ክር ከላይ የነገርኩሽ ሁሉ እዚያም ይሠራል፤ የገዢሽ ውሻ ፈትቶ ይውጠዋል። በምትኩ መኝታ ሥሪ። ጆንያው ከውስጥ ይሁን፣ ላዩ ወፍራም አቡጀዴ፤ ጥልፉ ጎኑ ላይ ይዋል። ዚፑ የተሸፈነ፣ ልባሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የሚታጠብ ይሁን፣ ቁንጫ እዚያ ነው የሚራባው።

አሁን ከሁሉ በፊት የቅርብሽን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ያዢ። ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ራጅ አላችሁ ወይ፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ትሠራላችሁ ወይ። ሁሉም ቦታ ሁለቱም የሉም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ከሐረር ወደ ድሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ እነሱንም ጠይቂ። ቡቺ ሌሊት ብታስመልስ ማን ጋ እንደምትደውይ፣ በምን መኪና እንደምትሄጂ ዛሬውኑ እወቂው።